በፎቶ ያስቆረጥኳቸው ሰባት ማንጎዎች

ማክሰኞ፣ ንጋት 11 ሰዓት፣ አዲስ አበባ

ላምበረት መናኸሪያ ገና አልነጋም። ረዳቶቹ "ደሴ! ወልድያ!" እያሉ ይጣራሉ። የወንበር ቁጥሬ አሥራ ሰባት ነው፣ በመስኮት በኩል። ቦርሳዬን ሦስት ጊዜ ፈትሻለሁ፦ መታወቂያ፣ ቻርጀር፣ ማጉያ መነጽር፣ የዛፍ መቀስ። ፍቅረኛዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ልታይ ስትሄድ የዛፍ መቀስ የምትይዝ ሴት አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ይዣለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የምኖረው አርባ ምንጭ ነው፤ የምሠራው በአንድ የችግኝ ጣቢያ። ከአንድ ዓመት ከሁለት ወር በፊት፣ የፍራፍሬ አምራቾች በሚጠያየቁበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ሰው ነጭ ነጠብጣብ የወረሰው የማንጎ ቅጠል ፎቶ ለጠፈ። "ከሐብሩ፣ ግራና ነኝ። ይሄ ነገር ምንድን ነው?" የሚመልስለት ጠፋ። እኔ ሰው በተሰበሰበበት መናገር አልችልም፣ በስልክም ቢሆን። ስለዚህ ለብቻው ጻፍኩለት። ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ጭማቂውን የሚመጥ ተባይ መሆኑን ነገርኩት፣ ምን ማድረግ እንዳለበትም።

ስሙ ሰይድ ነው። በየሳምንቱ የቅጠል ፎቶ ይልካል፤ እኔ እመልሳለሁ። አንድ ቀን በላከው ቅጠል ላይ ምንም አጣሁ። አጉልቼ አየሁት። "ጀርባውን አንስተህ ላክልኝ" አልኩት። ላከ። ጀርባውም ንጹሕ ነው። "ምኑ ነው ያሳሰበህ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ይሄኛው ምንም የለበትም፣ ዝም ብዬ ነው የላክሁት" አለኝ። ስልኩን አስቀምጬ ውሃ ጠጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ቅጠል ብቻ አናወራም። ማታ ማታ ከመስኖው ቦይ ዳር ሆኖ ድምፁን ቀድቶ ይልክልኛል፤ ከድምፁ ኋላ ውሃው ሲወርድ ይሰማል። ኔትወርክ ሲፈቅድ በቪዲዮ የተያየነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። የሰይድ አባት ሰባት ማንጎ አላቸው። ተባዩ ስለበረታባቸው ፍሬ መስጠት ካቆሙ ቆይተዋል። ገበሬ ጣቢያው መጥቶ ቢጠይቀኝ "መጀመሪያ በአንድ ሞክሩ" እለው ነበር። ለሰይድ ግን እንደ አዋቂ መታየት ፈለግሁ መሰለኝ፣ "ሰባቱንም ቁረጡ፣ ግንዱ ብቻ ይቅር፣ አዲስ ያቆጠቁጣል" ብዬ ጻፍኩ። አባቱ ቆረጡ። ይህ ከሆነ አምስት ወሩ ነው። ካለፉት ሁለት ወራት ወዲህ ሰይድ የዛፎቹን ፎቶ መላክ ትቷል። "በቀሉ ወይ?" ስለው፣ "ስትመጪ ታይዋለሽ" ይላል።

ካልበቀሉ፣ እኔ የአባቱን ዛፍ ያስጨረስኩ ሴት ነኝ። እንዲህ ያለች ሴት ምራት ትሆናለች ብዬ ራሴን ማታለል አልችልም።

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። እናቴ አዲስ አበባ ስልጠና ላይ ያለሁ ይመስላታል።

ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከምሴን እንዳለፍን

ሙቀት ነው። ፍተሻ ላይ ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ከቦርሳዬ መቀሱን አውጥቶ ከፍ አድርጎ ያዘው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የዛፍ መቀስ ነው።"

"ለምን?"

"ለማንጎ።"

"ማንጎ በመቀስ መብላት ተጀመረ?" ብሎ ለጓደኛው አሳየው። ሳቁ። ተሳፋሪውም ሳቀ። ፊቴ እንደ በርበሬ ሲቀላ ተሰማኝ። መቀሱን መለሰልኝ።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ውጫሌ የሚወርዱ ናቸው። ከአዲስ አበባ ጀምሮ ፊቴን ሲያዩ ቆይተው ነበርና አላስቻላቸውም።

"እታለም፣ ማን ሞቶብሽ ነው?"

"ኧረ ማንም፣ እማማ።"

"ታዲያ ምነው ለቅሶ ደራሽ መሰልሽ? አብሽሪ፣ ሁሉም ያልፋል።" ከፌስታላቸው አንድ ብርቱካን አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ሌላ አልጠየቁኝም።

ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል፣ መርሳ

"መርሳ! መርሳ የሚወርድ!" አለ ረዳቱ።

ካርታ ላይ ስንት ጊዜ ያየሁት፣ ወደ ሰይድ መንደር ወደ ግራና የሚታጠፉበት ከተማ መስኮቴ ሥር ነው። ከአዲስ አበባ ሲመጡ መርሳ ይቀድማል፤ ወልድያ ቀጥሎ ነው። የመንገዱ ዳር በሽንኩርት ጆንያ ተሞልቷል። ባጃጆች ተኮልኩለዋል። ሻይ ቤቶቹ በር ላይ ወንዶች ተቀምጠው አላፊ አውቶቡስ ያያሉ። ከእነሱ አንዱ ሰይድ ቢሆንስ? ራሴን ከመስኮቱ በታች ዝቅ አደረግሁ።

ለሰይድ የነገርኩት "ረቡዕ ጠዋት እደርሳለሁ" ብዬ ነው። ማክሰኞ ማታ በሩ ላይ እንዳልፍ አያውቅም። አንድ ሌሊት ወልድያ ጓደኛዬ ቤት አድሬ፣ ልቤ ረግቶ፣ ልብሴን ቀይሬ መምጣት ፈለግሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ተጉዤ የምፈልገውን ከተማ አቀርቅሬ ተሸሽጌ አለፍኩት።

ማታ፣ ወልድያ

ትዕግሥት በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት አንድ ክፍል የኖርን ጓደኛዬ ናት፤ አሁን ወልድያ ታስተምራለች። በባጃጅ መጥታ ተቀበለችኝ። ሽሮ አቅርባ፣ ገና ሳልጎርስ ምርመራ ጀመረች።

"ለቤተሰቡ ምን ብሎ ነገራቸው?"

"ባለሙያ ትመጣለች ብሎ።"

"የማን ሐሳብ ነው?"

"የእኔ።"

"አንቺ? ባለሙያ? ስም ሲጠራ 'አቤት' ማለት አቅቷት እኔ የምልላት ልጅ?" እጇን ከማዕዱ አነሳች። "ቆይ፣ ለምን እውነቱን አልነገራቸውም?"

"ዛፎቹ ደርቀው ቢሆንስ? ባለሙያ ከሆንኩ አይቼ፣ መክሬ፣ እመለሳለሁ። ማንም ምንም አያውቅም።"

"ጥንቃቄሽ አንድ ቀን ይገድልሻል" አለችና ወጥ ጨመረችልኝ። ነገ ፈተና ስለምትፈትን አብራኝ መሄድ አትችልም።

ረቡዕ፣ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከወልድያ ወደ መርሳ

ሚኒባሱ ሰማንያ ብር ነው። አራት ሰው በሚቀመጥበት አምስት ነን። ትናንት በመሸ ብርሃን የሸሸሁትን መንገድ ዛሬ በፀሐይ እመለስበታለሁ። በስተቀኝ ተራራው፣ በስተግራ ሜዳው፤ በሜዳው ላይ የማሽላ ማሳ ራሱን አቀርቅሯል። ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ "መርሳ የት ጋ ላውርድሽ?" አለ።

"የአዲስ አበባ አውቶቡስ የሚቆምበት።"

"ልትሳፈሪ ነው?"

"አይ፣ ሰው ይጠብቀኛል።"

"ሰው የሚጠብቃት ሴት ቦርሳዋን እንዲህ አንቃ አትይዝም፣ እህቴ። ወይስ ዕዳ ያለብሽ ሰው ነው?" ሚኒባሱ ሳቀ። ቦርሳዬን እግሬ ሥር አስቀመጥሁ።

መርሳ

አወቅሁት። ከፎቶው አጠር ይላል፣ ጠየም ይላል። የለበሰው ሸሚዝ ገና ከእሽጉ መውጣቱን እጥፋቱ ይናገራል። ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

"እንኳን ደህና መጡ፣ ባለሙያ" አለኝ።

ማታ ማታ "ነጅዬ" የሚለኝ ሰው ነው። ስሜ ነጃት ነው። ከኋላው የባጃጅ ሹፌሩ ስለቆመ መሆኑ ገብቶኛል፤ ቢሆንም ከፋኝ።

"ሰይዶ!" አለ ሹፌሩ። "ባለሙያዋ ልጅ ናት እንዴ? እኔ እኮ ሽበታም ሰውዬ ይመጣል ብዬ ወንበሩን በኦሞ አጥቤያለሁ!"

ባጃጁ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ግራና ሲታጠፍ ጩኸቱ በረታ። ሹፌሩ እንደማይሰማን ሲያውቅ ሰይድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ቦይ ዳር የሚቀዳው ድምፅ ነው፣ በትክክል ያው።

"ትናንት ማታ አስፋልቱ ላይ ነበርኩ" አለኝ። "የአዲስ አበባ አውቶቡሶች ሲያልፉ አየሁ።"

"ለምን? ዛሬ እመጣለሁ አላልኩህም?"

"አንቺ ዛሬ እመጣለሁ ካልሽ፣ ከአንድ ቀን በፊት ደርሰሽ የሆነ ቦታ ቁጭ እንደምትዪ አውቃለሁ።"

ከዚያ የፈራሁትን ጠየቅሁ። "ዛፎቹስ?"

ወደ ውጭ አየ። "ስድስቱ ደህና ናቸው።"

"ሰባተኛውስ?"

"ደርሰናል" አለ።

ረፋድ፣ ግራና

ሰይድ "ባለሙያ ትመጣለች" ያለው ለቤተሰቡ ብቻ ነበር። ቤተሰቡ ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለገበያ ነገረ። ግቢው ውስጥ ሃያ የሚሆን ሰው ተቀምጦ ይጠብቀኛል። እያንዳንዱ በፌስታል ቅጠል ይዟል። የማንጎ፣ የሎሚ፣ የፓፓያ፣ የቃሪያ። አንዲት ሴት ዶሮ ይዘዋል።

"ለዶሮ አይደለም የመጣችው" አላቸው አንድ ሰው።

"አንተ ምን አገባህ፣ እግረ መንገዷን ትያታ!"

ከላይ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሯል። አንዱ ጫፉ ከቤቱ ጣሪያ ታስሯል፣ ሌላው በሩ ላይ ከቆመ ትልቅ ግንድ ጋር። ጥላው ሥር አስቀመጡኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ሸራው የታሰረበት ግንድ ሰባተኛው ማንጎ ነው። ድሮ ሰው የሚቀመጠው በራሱ ጥላ ሥር ነበር።

አንድ በአንድ መለስኩ። ድምፄ አልወጣ ብሎ ከኋላ "አይሰማም!" ይላሉ። አንድ ገበሬ ከስድስቱ ዛፎች አንዱ ላይ የበቀለ ለጋ ቅጠል ቆርጦ አመጣልኝ። "ይኸው፣ ቀይ ሆኖ ወጣ። ሌላ በሽታ መሆኑ ነው?"

"አይደለም። የማንጎ ልጅ ቅጠል ሲወለድ ቀይ ነው፤ እያደረ ይለመልማል።"

"አልሃምዱሊላህ" አሉ አንዲት ሴት ከበሩ። የሰይድ እናት ናቸው። እስከዚያች ደቂቃ ከፊቴ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

አባቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አያ ይመር የሚላቸው፣ ጥግ ላይ ዱላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሰላምታ ሰጥተውኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተናገሩም። ስለ ዛፍም አልጠየቁኝም። ቅጠሉ ሁሉ ታይቶ አለቀ። ሰው ሁሉ እኔን ሳይሆን ግንዱን ያያል።

ተነሳሁ። በጥፍሬ ልጡን ፋቅ አደረግሁት። አረንጓዴ ቢሆን ሕይወት አለው። ደረቅ ቡናማ ነው። ሌላ ቦታ ፋቅሁ፤ ያው። ከሥሩ የምስጥ አፈር ወጥቷል።

"ምስጥ ነው" አለ ሰይድ ቶሎ ብሎ። "ምስጡ ነው የገደለው። አይደል፣ ባለሙያ?"

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አዎ ብል ሁሉም ያበቃል፤ ባለሙያ ነኝና ማንም አይከራከረኝም። ሰይድ በሩን ከፍቶልኛል። ግን የሰውየው ግንድ መዳፌ ሥር ነበር።

"አይደለም" አልኩ። "ምስጡ የመጣው ከሞተ በኋላ ነው።"

"አይሰማም!" አለ ያ ሰውዬ ከኋላ።

"ምስጡ አይደለም!" አልኩ። እንዲህ ጮኼ የማውቅ አይመስለኝም። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ይሄ ዛፍ ያረጀ ነው፤ ሲቆረጥ አንድ ቅርንጫፍ መተንፈሻ ይተውለታል። እኔ ሳላየው፣ በፎቶ ብቻ ፈረድኩበት። ሰባቱንም በአንድ ጊዜ ማስቆረጥ አልነበረብኝም። ይቅር በሉኝ።"

ዶሮዋ ብቻ ነች የጮኸችው።

አያ ይመር ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ። "ምሳ ይቅረብ" አሉ።

ከሰዓት በኋላ፣ እዚያው

በዚህ አገር እንግዳ ሳይበላ "ለምን መጣሽ?" አይባልም። የማሽላ እንጀራ፣ ከላዩ ቀይ ወጥ፣ በኩባያ አረራ ቀረበልኝ። የሰይድ እናት "ብዪ፣ የኔ አለም" እያሉ ያጎርሱኛል። ሰይድ ከበሩ ውጭ ቆሟል፤ ጥላው ብቻ ይታየኛል። እኔ የማስበው የመመለሻ ሚኒባሱን ነው። ትዕግሥት ምን ትል ይሆን? ከዛሬ በኋላ ማታ ማታ የውኃ ድምፅ አልሰማ ይሆናል።

እጃችንን ስንታጠብ አያ ይመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እኔ ብዙ ባለሙያ አይቻለሁ" አሉ። "ጤፉን በመስመር ዝሩ ያለንን አይተናል፣ በሬውን አዳቅሉ ያለንንም አይተናል። አንዳንዱ ጠቅሞናል፣ አንዳንዱ ጎድቶናል። 'ጥፋቱ የእኔ ነው' ያለ ግን አንድም አልገጠመኝ።" ዱላቸውን መሬት ላይ ነካ ነካ አደረጉ። "እንግዲያ ባለሙያ አይደለሽም ማለት ነው። የማን ልጅ ነሽ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የበሩ ጥላ ተንቀሳቀሰ።

"ኧረ ይተዋት፣ አያስጨንቋት" አሉ እናቱ ባላቸውን። "እንደማያውቁ! ልጅዎ ዓመት ሙሉ ስልክ አቅፎ ቦይ ዳር ሲስቅ ያመሻል። ለማንጎ በሽታ እንዲህ ይሳቃል?"

"ለማንጎ በሽታስ አይሳቅም" አሉ አያ ይመር በከባድ ድምፅ፣ ጉዳዩን አጥንተው የፈረዱ ይመስል። "እንዲያ ባይሆን እኔም ዛፌን በማላውቀው ሰው ቃል አልቆርጥም ነበር።"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዛፉን ያስቆረጣቸው እውቀቴ አልነበረም። የልጃቸው ሳቅ ነበር።

ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉ። ግቢው ሁሉ መዳፉን ዘረጋ። በቀጥታ የማይጠየቅ ነገር እዚህ በዱአ ይነገራል።

"ያ አላህ፣ የቆረጥነውን አለምልምልን።"

"አሚን።"

"የሞተውን በተሻለ ተካልን።"

"አሚን።"

"ይህችን ልጅ ከሩቅ ያመጣትን ነገር፣ ኸይር ከሆነ፣ ቅርብ አድርግላት።"

"አሚን!" አለ ግቢው። እኔ ዘገየሁ። ሁሉም ጨርሶ ዝም ካለ በኋላ የእኔ "አሚን" ለብቻው ወጣ፣ እንደ ዶሮዋ ጩኸት። ዶሮ የያዙት ሴት "ይኸው ተሰማ!" አሉ።

ባጃጁ ሲመጣ አያ ይመር እያነከሱ እስከ መንገዱ ሸኙኝ። ሰይድ ቦርሳዬን ይዞ ከኋላ ይመጣል። የዛፍ መቀሱን ለእሱ ትቼለታለሁ።

"አርባ ምንጭ ስንት ቀን ያስኬዳል?" አሉኝ አባቱ።

"ሁለት ቀን፣ አባባ።"

"አባትሽ በሕይወት አሉ?"

"አሉ።"

"ማሻአላህ።" ትንሽ ሄድን። "አውቶቡሱ እግር ያስዘረጋል? የኔ ጉልበት ብዙ አይታጠፍልኝም። አብረውኝ የሚሄዱት ሁለቱም ሰዎች ከእኔ የባሱ ናቸው።"

የሚሉት ነገር ገብቶኝ ነበር። ሽማግሌ ሆነው ሊመጡ ነው። ግን አፌ ላይ የመጣው "አላስተዋልኩም" የሚል ነው።

"አስተውዪ" አሉኝ።

ሐሙስ፣ ንጋት 11 ሰዓት፣ ወልድያ

ትዕግሥት እያዛጋች ሸኘችኝ። አውቶቡሱ እስኪሞላ እየጠበቅን ነው፤ ወንበሬ ዛሬም አሥራ ሰባት ነው። ገና ብዙ የሚያስፈራ አለ። እናቴ ስልጠና ላይ ነኝ ብላ ታምናለች። አባቴ "ግራና" የሚለውን ስም ሰምቶ አያውቅም። እሑድ ሁለቱን አስቀምጬ መናገር አለብኝ።

ጎኔ የተቀመጠው ወጣት ከማየቱ በፊት እጄን ዘርግቼ ከእኔ ወንበር እስከ ፊተኛው ያለውን ለካሁ። አየኝ።

"የጠፋብሽ ነገር አለ?"

"የለም። ለሽማግሌ ይበቃ እንደሆነ ነው።"

እንደገና ለካሁ፣ እንዳልሳሳት። ከዚያ ተነስቼ ወደ ፊት ሄድኩ፤ ከበሩ ኋላ ያለውን የመጀመሪያውን ወንበርም ለካሁ። ረዳቱ "እህት፣ ቦታሽ እዚያ ነው" ይላል። መለኪያዬን ሳልጨርስ አልተመለስኩም።

ለሰይድ ጻፍኩለት፦ "አሥራ ሰባተኛው ወንበር ሁለት ስንዝር ነው፣ አይበቃቸውም። ከበሩ ኋላ ያለው ሦስት ስንዝር ከአራት ጣት ነው። ሦስቱንም እዚያ አስይዝ።"